በእጅ ብቻ

ኖሊንን ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው ነገር ሌላ ሰው ቢሰማው ምናልባት የሚስቅበት ነው። የሠራችው የእንጨት ገንቦ ከትልቁ ጠረጴዛ ላይ ይነሣና የሻይ ማፍያው አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። አይሰበርም፣ አይሰረቅም፣ አንድም ሰው ክፉ ቃል አይናገራትም። በቶርኖ እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹ የሙና ሰፈር ሰዎች ማኅበር በየዓመቱ ብርዱ ሊወጣ ሲል ትርኢት ያሳያል። እሷ በማለዳ ትሄዳለች፣ ገንቦዋን ከሌሎቹ ገንቦዎች መካከል ታስቀምጣለች፣ ካፖርቷን ሰቅላ ስትመለስ ገንቦዋ በስኳር ጣሳውና በወተቱ መካከል ቆሞ ይጠብቃታል። ሰው ኩባያውን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ገፋ ያደርገዋል። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ «በእጅ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ያንቺ በእጅ አይደለም፣ ይሏታል፤ ያንቺን የሠራው ክንዱ ነው።

ክንድ የሚሉት ከቶርኖው ጋር የሚታሰር፣ እንደ ሰው ክንድ ሁለት ቦታ ላይ የሚተጣጠፍ ብረት ነው። የገንቦ አፍ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጣት ቢያስገባ ነው። በዚያች ቀዳዳ ረጅም ዘንግ ከነስለቱ ይገባና ውስጡ በጨለማ ይቦረቦራል። እንጨቱ ይሽከረከራል፣ የሚቦረቡረው ሰው ምን እየቆረጠ እንደሆነ አያይም። ዘንጉን በብብቱ ይዞ የሚሠራ ሰው ስለቱ አንድ ጊዜ የነከሰ እንደሆነ ብረቱ ይጠመዘዝና ትከሻውን ይዞት ይሄዳል። ክንዱ ያንን መጠምዘዝ ይቀበላል፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። የት እንደሚገፉ፣ መቼ እንደሚያቆሙ፣ ግድግዳው ሲሳሳ ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን መስማት የሰው ነው። ኖሊን ይህንን ለማኅበሩ ኮሚቴ ቆማ አስረድታለች። ትምህርት የላትም፣ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ልብስ እጥበት ቤት ነው የገባችው፤ ቢሆንም ያን ቀን ሸሚዟን ተኩሳ፣ ቃሏን ለቅማ ነበር የሄደችው። «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ክንዱ ያዘልኝ እንጂ» አለች። ኮሚቴው አመሰገናት። ሕጉ ግን እዚያው ቀረ። ሕጉን ያወጣው ሊቀመንበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ራስል ነው።

እሷም ክንዱን የገዛችው ሰንፋ አልነበረም። የቀኝ ትከሻዋ ጅማት የተበጠሰው አባቷን ስታነሣ ነው። አባቷ ኧርን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ በተኙበት ዘመን ሁሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት ያነሣቻቸው ኖሊን ነች። ራስል ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር የሚኖረው። እሑድ እሑድ የስጋ ፓይ ይዞ ይመጣል፣ «እንዴት ነዎት ሽማግሌው» ይላል፣ ኳሱን አይቶ ይሄዳል። አባታቸው ማኅበሩን የመሠረቱ ሰው ስለነበሩ ትልቁ ጠረጴዛም በየዓመቱ ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫም በስማቸው ነው የሚጠራው። እሳቸውን ስታነሣ የተበጠሰ ትከሻ ግን ከእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያስነሣል። ይህን ለማን ይናገሩታል።

የዘንድሮው ትርኢት በዋለበት ቅዳሜ ጠዋት ኖሊን ወጥ ቤት ቆማ የተጠበሰ ዳቦ ትበላ ነበር። ተራራው ላይ በረዶ ጥሎ አድሯል፤ ከተማው ላይ ብርዱ ብቻ ወርዷል። ማሞቂያውን አልከፈተችም፤ መብራት ከተወደደ ወዲህ እንግዳ ካልመጣ አትከፍተውም። የጓሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተና ራስል በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። እግሩን ጠረገ፤ ይህም ልማዱ አይደለም። አባታቸው ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ወንበር ከቀብሩ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ሻይ ቀዳችለት። ኩባያውን በጣቶቹ አልያዘውም፤ በሁለት መዳፉ መሐል አጣብቆ ነው ወደ አፉ የወሰደው። አየችው፣ ግን ብርዱ ነው ብላ አለፈችው።

«ቶርኖዬ ሞቷል» አለ። «ከትናንት ወዲያ ሞተሩ ጨሰ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ኖል፣ አትቀልጂ። ትርኢቱ እኮ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ። የሻይ ጠረጴዛዋን ላደምቅ የምሄደው እኔ አይደለሁ።»

ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው፤ ፎጣውን ገለጠ። ገና ሳታየው ከሽታው አወቀችው። የሁዮን ጥድ ሽታ ሌላ እንጨት የለውም፤ ማር ማር ይላል፣ ደግሞ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የሁዮን ጥድ እባጭ፣ ግንዱ ላይ ያበጠው ጉብታ ነው፣ ቢጫው ላይ እንደ ወፍ ዐይን የተበተነ ጥቁር ነጥብ ያለበት። አባታቸው በጉብዝናቸው ከምዕራብ ወንዞች አውጥተው ያመጡት፣ ጫፉን ሰም ቀብተው ከቤቱ ሥር ዕድሜ ልካቸውን ያስቀመጡት ነው። «ለሚገባው ቀን» ይሉት ነበር። ከቀብሩ በኋላ ጠፋ። ራስልን ስትጠይቀው «በስብሶ ጣልኩት» ነበር ያላት። አሁን የውጪው ቅርጽ ተሠርቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ፣ አፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተበጅቶለት ፊቷ ተቀምጧል። ውስጡ አልተነካም።

«በስብሶ አልጣልከውም ነበር?»

«ግማሹ…»

«ሁዮን ጥድ በስብሶ ያውቃል? ውኃ ውስጥ መቶ ዓመት ተኝቶ የማይበሰብስ እንጨት አንተ ጋራዥ ውስጥ በሰበሰ?»

ራስል ሻዩን ተመለከተ። በዚያ ቤት ሰው ሲነቃበት ሻዩን ነው የሚያየው፤ አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ።  በመጨረሻ እሱ ዐይኑን ሳያነሣ ጠየቃት፤ ውስጡን ቦርቡሪልኝ፣ ከቀትር በፊት እንዲደርስ።

«በክንዱ?»

«በፈለግሽው።»

«ከዚያስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሰዓት የለንም ኖል። እባክሽ።»

እምቢ ማለት ነበረባት። እምቢ የምትልበት ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን እንጨቱ የአባቷ ነው፤ ሌላ እንዲህ ያለ የለም፣ ወንዞቹም ተዘግተዋል፣ መቁረጥም ተከልክሏል። ራስል በሰው ቶርኖ ቸኩሎ ሲሰነጥቀው ታያት። ገንቦውን አነሣችና ወደ ጋራዡ አመራች፤ እሱም ተከተላት። ክንዱ ከገባ ጀምሮ ራስል የዚያን ጋራዥ ደፍ ረግጦ አያውቅም። ሰው ስለ ክንዱ ባነሣ ቁጥር «እኔ ያ ነገር እንዴት እንደሚሠራም አላውቅ፣ ማወቅም አልፈልግ» ማለት ይወዳል፤ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንኳ ሲል ሰምታዋለች።

ቶርኖውና እንጨቱን የሚነክሰው ማንድሪኖ የአባታቸው ስለሆኑ፣ ራስልም በእሳቸው ልክ መሥራት ስለለመደ፣ የገንቦው ግርጌ ያለችው ጉጥ ልክ ገባች። ኖሊን አጥብቃ አሰረችው፣ በእጇ አዙራ አለመወላገዱን አየች፣ መነጽሯን አደረገች። ክንዱን አስጠጋች፣ ቀጥ ያለውን ስለት ገጠመች፣ ከዚያ ከክንዱ ጋር የታሰረችውን ትንሽ መብራት አስተካከለች። መብራቱ ከላይ ሆኖ በገንቦው ውጪ ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል፤ ስለቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ ውጪ ላይ ያሳያል ማለት ነው። ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንዲሆን እንደሚፈለግ ተለክቶ ነጥቡ በዚያው ልክ ከስለቱ ጫፍ ወጣ ተደርጎ ይታሰራል። ነጥቡ ከገንቦው ጠርዝ ላይ ወድቆ ሲጠፋ እጅ ማቆም ነው። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ስለት በተቀየረ ቁጥር መብራቱም እንደገና መስተካከል አለበት። ይህን የረሳ ሰው ነጥቡን አምኖ ሲገፋ ግድግዳውን ቀድዶ በገንቦው ሆድ ብቅ ይላል። በክንድ የሚሠራ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቅ ብሏል። ኖሊንም ብላለች፤ ያቺ ቀዳዳ ያለባት ገንቦ ዛሬም የጥፍር መቁረጫና የላስቲክ ማሰሪያ ትይዝላታለች።

መቦርቦር ጀመረች። ክንዱ ሁለት ቦታ እየተጣጠፈ ከእጇ ጋር ወጣ ገባ ይላል፣ ፍቅፋቂው በጠባቧ አፍ እንደ ገለባ ይተፋል። ትንሽ ትገፋለች፣ ቶርኖውን ታቆማለች፣ የታመቀውን ፍቅፋቂ በአየር ቱቦ ትነፋለች፣ እንደገና ትገባለች። ጋራዡ ማር ማር ሸተተ። ራስል ከጀርባዋ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። አይቀመጥም። አንድ ሁለቴ ሰዓቱን አየ። የመሐሉ ባዶ ሲሆን ቶርኖውን አቁማ ቀጥ ያለውን ስለት ፈታች፤ ከገንቦው ትከሻ ሥር ያለው እንጨት በቀጥታ አይደረስበትም፣ ቆልማማ ስለት ይፈልጋል። ቆልማማውን ገጠመች። እሱ «አምስት ሰዓት ደርሷል» ስላላት ይሁን፣ አባቷ ትዝ ስላሏት ይሁን፣ ዘንጉን አስገባችና ማብሪያውን ልትጫን እጇን ዘረጋች።

«መብራቱን አላስተካከልሽም» አለ ራስል።

እጇ ማብሪያው ላይ ቀረ። እውነቱን ነው፤ አላስተካከለችም። ያ ቆልማማ ስለት የአባቷን እንጨት በሆዱ በኩል ይቀድደው ነበር፣ እሱ ባይናገር። ልታመሰግነው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ዘንጉን በብብቱ ይዞ የሚሠራ ሰው መብራት የለውም። ስለት ሲቀየር መብራት እንደሚዛባ በአፍ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ማንም ተቀምጦ ለማንም አያስተምረውም። የሚያውቀው አንድ ቀን አንድ ገንቦ ቀድዶ፣ ብቻውን ጋራዡ ውስጥ የተሳደበ ሰው ነው።

ቀስ ብላ ዞረች። ራስልም የተናገረው የገባው ያኔ ነው፤ ጆሮው ቀላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኖል…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ።»

ኪሱ ውስጥ የነበረውን እጁን አወጣና አሳያት። ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ተቆልምመው ቀርተዋል፣ እንደ ደረቀ ቅጠል። ሌላኛውም እንዲሁ ጀምሮታል። «አልዘረጋ አሉ። ካቻምና ነው መሰለኝ። ዘንጉን መጨበጥ አቃተኝ።»

«ካቻምናም ዋንጫ ወስደሃል። አምናም ወስደሃል።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክንዱ ያዘልኝ እንጂ።»

ኖሊን እነዚህን ቃላት ታውቃቸዋለች። ሸሚዝ ተኩሳላቸዋለች። ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ስትናገራቸው በጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ እስክሪብቶ ያሽከረክር የነበረው ይኸው ሰው ነው። ጣቱ ስለታመመ አልተናደደችበትም፤ በሽታ ማንንም አይመርጥም። ብረቱን ደብቆ፣ ጋራዡን ቆልፎ መሥራቱም ለራሱ ነው። ያንገበገባት ሌላ ነው፤ ካቻምናና አምና በእነዚያው ጣቶች የእሷን ገንቦ ከጠረጴዛ ላይ ማንሣቱ ነው።  መብራቱን አስተካከለች፣ ማብሪያውን ተጫነች፣ ጀርባዋን ሰጠችው። ቀይዋ ነጥብ በገንቦው ትከሻ ላይ ስትንቀሳቀስ ተከተለቻት፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ አቆመች፣ ነፋች፣ ገባች። ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሄደ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ያኔ ዘንጉን አወጣች። የግርጌውን ጉጥ ቆርጣ ጣለች፣ ዘይት ቀባችው። በእጇ ስታነሣው የሚከብድ ነገር የለም፣ የወፍ ጎጆ እንደመያዝ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ራስል፣ ፎጣውን እያጠፈ። «ዘንድሮ ያንቺን ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።»

ውለታ የዋለላት መስሎታል። ኖሊን በዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ ይህ ነው ደሟን ያፈላው። አይቶ እንዳላየ መሆንማ ሥራው ነው፤ የአባቱን አልጋ አይቶ እንዳላየ ኖሯል። የእሷን ገንቦ በሳጥን ያዘች፣ እሱ የእሱን አቀፈ፤ በአንድ መኪና ሄዱ። መንገዱ ሁሉ ሬዲዮው ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ሲያወራ ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም ፈረስ አይወዱም።

አዳራሹ እርጥብ ካፖርትና የቤት ቅባት ይሸታል። መግቢያ አምስት ዶላር፣ ሻይ ሁለት ዶላር፣ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ሦስት፤ አምና ሁለት ነበር ብሎ የሚያጉረመርም ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሟል። በትልቁ ጠረጴዛ ራስ የኧርን ዋንጫ፣ ከዋንጫው ግራና ቀኝ ካቻምናና አምና የተሸለሙት ሁለት የራስል ገንቦዎች ተቀምጠዋል፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ኖሊን ገንቦዋን ሁልጊዜ በምታስቀምጥበት ቦታ አስቀመጠች። ካፖርቷን ሰቅላ ስትመለስ የማኅበሩ ጸሐፊ ዴዝሊ ገንቦዋን አንሥታ ወደ ሻዩ እየሄደች ነበር።

«ውዴ፣ አትቀየሚኝ» አለች ዴዝሊ። «እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው።»

ራስል ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። አየ። ዐይኑን ወደ ጫማው አወረደ። ኖሊን ጠበቀችው፤ አንድ ቃል ቢል፣ «ተዪው ዴዝሊ» ቢል፣ ሁሉንም ትታለት ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አላለም። በዚህ መሐል የውድድሩ ዳኛ ኮል ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ደረሱ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከአባቷ ጋር አብረው የጀመሩ ሰው ናቸው። ራስል ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን የሁዮኑን ገንቦ አነሡት፣ መዘኑት፣ ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከትተው ግድግዳውን ዳበሱት፣ ጆሯቸው ጋ አድርገው በጥፍራቸው መቱት።

«አንተ ራስል» አሉ። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ታሳሳዋለህ? ይሄማ የአባትህ እጅ ነው።»

«እሳቸው ያስተማሩኝ ነው» አለ ራስል።

ኖሊን ሄደችና ገንቦውን ከኮል እጅ ወሰደች። አልነጠቀችም፤ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ እሳቸውም ሰጧት። አዳራሹን ቁመቱን ሙሉ ተሻገረች፣ የስኳሩን ጣሳ ገፋ አደረገች፣ ከራሷ ገንቦ አጠገብ አስቀመጠችው።  ኮል ተከተሏት።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩ። ቦታው ላይ ነው ያደረስኩት። እንጨቱን አባቴ አመጡት፣ ውጪውን ራስል ሠራው፣ ውስጡን ዛሬ ጠዋት እኔ ቦረቦርኩት፣ በክንድ። ክንድ ከሆነ ደግሞ እዚህ ነው፣ ዴዝሊን ይጠይቋት።»

«ኖል» አለ ራስል። «መልሺው።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ተመለሰች። ከዋንጫው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ገንቦዎች አነሣች፣ ራስል ወደቆመበት ይዛቸው ሄደች፣ በፊቱ ካለው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ሰማት። «እነዚህን እኔ አልነካኋቸውም» አለች። «የት መቀመጥ እንዳለባቸው እሱ ያውቃል። እሱ ይንገራችሁ።»

ከዚያ ቆመች። ሎተሪ ይሸጥ የነበረው ሰውዬ መሸጡን አቆመ። ኮል ራስልን አዩት፣ ገንቦዎቹን አዩ፣ እንደገና ራስልን አዩት፤ አንዱን አንሥተው ግድግዳውን ዳበሱና መለሱት። ራስል ወደ በሩ ተመለከተ፣ ወደ ኖሊን ተመለከተ። እሷ ዐይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ማንም እንዳይሰማ አድርጎ «ይህ እዚህ ሰው ፊት መሆን የለበትም» ሊላት ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ አነበበች፤ የት መሆን ነበረበት፣ ታዲያ።

«ክንድ ነው» አለ ራስል በመጨረሻ። «ሁለቱም።»

ካቻምና የተሸለመውን ገንቦ በሁለት መዳፉ መሐል አጣበቀ፣ ጣቶቹ አልዘረጋ ስላሉት። ወደ ሻዩ ጠረጴዛ መራመድ ጀመረ። አዳራሹ ረጅም ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። መሐል ላይ ሲደርስ ገንቦው ከመዳፉ ሊያመልጥ ተንሸራተተ፣ ቆም ብሎ በደረቱ ደግፎ አስተካከለው፣ እንደገና ሄደ። ኖሊን ሌላኛውን ሊወስድ እስኪመጣ ቆማ ጠበቀችው። አልያዘችለትም።